አንዱን ግባ በለው

ሸራ ሰፊዋ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የሰው አፍ ነው። ሌባ አትፈራም፣ ጨለማ አትፈራም፣ የሱቋን ቆርቆሮ የሚገነጥለውን ነፋስ አትፈራም። ባሏ የሞተ ጊዜ "እንግዲህ ምን ትሆን ይሆን?" እያሉ ከንፈር የሚመጥጡላትን ሁሉ አፋቸውን ለማስያዝ ብላ፣ ሐዘኑ ሳይወጣላት የእሱን ሱቅ ከፍታ የእሱን ሥራ ቀጠለች። የከባድ መኪና ሸራ መስፋት የወንድ ሥራ ነው ያላት ስንት ነበር! እሷ እቴ! ወስፌውን በመዳፏ እየገፋች፣ ሰም የጠጣ ሲባጎ በጥርሷ እየበጠሰች፣ ያንን ጎታታ የስፌት መኪና በእግሯ እየረገጠች፣ ከወንዶቹ አስበልጣ ሰፍታ አሳየቻቸው። ጨው ቢያልቅባት ከጎረቤት ከምትጠይቅ ያለ ጨው ትበላለች። ኩራት ነው በሉት፣ እልህ ነው በሉት፤ ብቻ እንዲያ ያለች ሴት ናት።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ሱቋ በሹፌሮች ተሞልቶ ሳለ የባሏ እህት መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ልጅሽ የወሰደብኝን ገንዘብ መቼ ነው የሚመልስልኝ? ስልኬን ማንሳት ከተወ ሰነበተ እኮ!" አለች፣ ያውም ጮክ ብላ።

ከሹፌሮቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሸራ ሰፊዋ ፊቷ እሳት ሲሆን ተሰማት፤ "እልክልሻለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ" ብላ ወደ ስፌቷ ዞረች። ወስፌው ጣቷን ወጋት። እንደዚያ ያለ ነገር ከጀማሪነቷ ወዲህ ደርሶባት አያውቅም።

ልጇ አንድ ነው። የሚሠራው ከከተማው መውጫ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሚዛን ጣቢያ ነው። የጭነት መኪኖች እየመጡ ሚዛኑ ላይ ይወጣሉ፤ እሱ ከመስታወት ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ቁጥሩን ያያል። ልክ ከሆነ መንገዱን የዘጋውን ብረት ያነሳላቸዋል፤ ካለፈ "አራግፍ" ብሎ ይመልሳቸዋል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያረጀ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው በእግሩ ይመላለሳል፣ ተማሪው፣ ተሸካሚው፣ ሁሉም። ሚዛኑ እዚያ የተተከለው ለዚሁ ነው። ደመወዙ ብዙ ባይሆንም የታመነ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ነው ብላ እናቱ ትኮራበት ነበር።

ያን ቀን ከሥራ ሲወጣ ጠርታ አፋጠጠችው። መጀመሪያ ካደ፣ ቀጥሎ አንዱን አመነ፣ ከዚያ እንደ ተተረተረ ሹራብ ሁሉም ተግተልትሎ ወጣ። ከጓደኛው ጋር ግማሽ በግማሽ ሆነው አንድ ያረጀ ሚኒባስ ገዝተው ኖሯል። ሞተሩ ጥቂት ሠራና ጭሱን ተፍቶ ዝም አለ። ጓደኛውም እንደ ሞተሩ ዝም አለ። ዝም ያላለው ዕዳው ብቻ ነው። አክስቱ አለችበት፣ ባለ ሱቁ አለበት፣ ጎረቤታቸው ጡረተኛው መምህር አሉበት፣ የሥራ ባልደረቦቹ አሉበት፣ የሚስቱ ወንድም ሳይቀር አለበት።

"ወይ ጉዴ! ያልተበደርከው ሰው ማን ነው? እሱን ብትነግረኝ ይቀላል!" አለችው።

"አንቺን" አላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

እሑድ ከሰዓት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ሦስቱ ተቀመጡ፤ እሷ፣ ልጇና ምራቷ። ሕፃኑ የተቆለለ ሸራ ላይ ተኝቷል። ምራቷ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ ብዙ የማታወራ፣ ካወራች ግን ወደኋላ የማትል ልጅ ናት። ሻዩን ቀድታ ስትጨርስ ጀመረች።

"እማማ፣ እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። እያንዳንዳቸው ቤት እንሂድና የለንም እንበል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንክፈላችሁ፣ ታገሡን እንበል። በእሱ ደመወዝ እንኑር፣ የእኔ ደግሞ ለዕዳው ይሁን። ረጅም ነው፣ ግን ያልቃል።"

"በየሰው ደጅ ቆሜ ታገሡኝ ልል?"

"እርስዎ ለምን? እኛ ነን እንጂ የምንሄደው።"

"እናንተ ብትሄዱ የሚታማው ማን ነው? 'የሸራ ሰፊዋ ልጅ' ነው የሚሉት! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ልጄ። ፊት ለፊት 'ምን ችግር አለ፣ ስታገኙ' ይሉሻል፤ ዞር ስትይ አገሩን ያዳርሱታል።"

"ቢያሙንስ! ሐሜት ሰው አይገድልም።"

"አንቺን አይገድልሽም!"

ልጁ ዓይኑን ከሻዩ ሳያነሳ "የስፌት መኪናውንስ ብንሸጠው?" አለ። እናቱ ዞራ አየችው። "ጡት ያስጣልኩህ በእሱ ነው፣ ትምህርት ቤት ያስገባሁህ በእሱ ነው፣ የዳርኩህ በእሱ ነው" አለችው።

"አንድ ሰው አለ" አለች ቀጥላ።

አይቸኩሌ ማለቷ ነው። ስሙን ያወጡለት ሹፌሮቹ ናቸው። የብዙ ከባድ መኪና ጌታ ነው፣ ሸራውን ሁሉ የሚያሰፋውም እሷ ዘንድ ነው። ሲራመድ ቀስ፣ ሲናገር ቀስ፣ ሲከፍልም ቀስ ብሎ ነው፤ ግን ይከፍላል፣ በዚህ አይታማም። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የማይልበት ቀን የለም። የባሏ እህት በሩ ላይ ቆማ ስትጮህ እሱም ሱቁ ውስጥ ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲወጣ ወደኋላ ቀረ ብሎ "እመቤቴ፣ የእርስዎ ልጅ የኔም ልጅ ነው። ሁሉንም ለኔ ይተዉት፤ እኔ ልክፈልላችሁና ለኔ ቀስ ብላችሁ ትመልሳላችሁ" ብሏት ነበር።

"ዘጠኝ ሞት መጣ ቢለው አንዱን ግባ በለው አለ" አለች ሸራ ሰፊዋ። "ከዚህ ሁሉ አፍ አንድ አፍ ይሻላል፤ ያውም ዝምተኛ አፍ።"

"እማማ፣ እነዚህኞቹ የሚያውቁን ሰዎች ናቸው፤ ቢበዛ ያኮርፉን ይሆናል። እሱ ግን ምን እንደሚያደርገን አናውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።"

"አንቺ ደግሞ ካርድ ስታገላብጪ ውለሽ ሰው ሁሉ በሽተኛ መሰለሽ!"

ልጁ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። ዕዳ ክፉ ነገር ነው፤ ባለ ትዳሩን፣ የልጅ አባቱን መልሶ ልጅ ያደርገዋል። "እማዬ ያለችው ይሁን" አለ። ምራቷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች።

አይቸኩሌ ቃሉን አላጠፈም። ሳምንት ሳይሞላ ዕዳውን ሁሉ ለየባለቤቱ ከፈለ። ልጁ "ወረቀት ላይ ልፈርም" ቢለው "በቤተሰብ መሀል ምን ፊርማ አለ?" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ያን ሰሞን ሸራ ሰፊዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው ገበያ የወጣችው። የባሏን እህት መንገድ ላይ አግኝታ ሰላም አለቻት፣ ያውም ቀድማ።

ወሩ ሲያልቅ ልጁ የመጀመሪያውን ክፍያ በፖስታ አድርጎ ይዞ ሄደ። አይቸኩሌ ፖስታውን አልነካውም። "ምን አጣደፈህ? ለሕፃኑ ጫማ ግዛበት" ብሎ መለሰው። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። በሦስተኛው ፊቱን ኮስተር አድርጎ "ይህን ፖስታ ሁለተኛ እንዳታሳየኝ፣ ታስቀይመኛለህ" አለው።

"እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!" አለች ሸራ ሰፊዋ።

ምራቷ ሕፃኑን እያጠበች ነበር። "ገንዘቡን የማይፈልግ አበዳሪ እኔ ሰምቼ አላውቅም" አለች። "ገንዘቡን ካልፈለገ ሌላ ነገር ይፈልጋል ማለት ነው።"

"ጥሩ ሰው አይዋጥልሽም አንቺ!"

አለች እንጂ ነገሩ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ልጇን ማየት ጀመረች። ከስቷል። ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል። ከፊቱ የቀረበለትን ምግብ ያማስልና ይተወዋል። ሕፃኑ ሲያቅፈው ሰው ያስገደደው ይመስል ይስቃል። ምን ሆንክ ስትለው "ድካም ነው" ይላታል፤ ድካሙ ግን እንቅልፍ የሚያሲዝ ዓይነት አልነበረም።

በዚህ መሀል ከአይቸኩሌ ትልቅ ሥራ መጣ። ለመኪኖቹ ሁሉ አዲስ ሸራ ይሰፋ አለ። "የድሮው ጠቦኛል፤ በየጎኑ አንድ አንድ ክንድ ይጨምሩበት" አላት። ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ሥራ በየዓመቱ አይገኝም። ግቢው ውስጥ ሸራውን ዘርግታ፣ በጉልበቷ እየዳኸች በጠመኔ አሠመረች፣ ቆረጠች፣ ሰፋች፣ የገመዱን ቀለበቶች በመዶሻ ቀጠቀጠች። ክንዱን ጨመረች። ለምን ጠበበው ብላ ግን አልጠየቀች። ሥራ የያዘ ሰው እንዲያ ነው፤ እጁ ሲፈጥን ሐሳቡ ወደኋላ ይቀራል።

የመጨረሻውን ሸራ የምታለብሰው መኪና ጭነቱን እንደያዘ መጣ። ሸራ ሰፊ ሥራው ልክ መሆኑን ሳያይ አይለቅምና መሰላል አቁማ ወጣች። ሸራው ገና የጭነቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ አለቀ። ያ ሁሉ የጨመረችው ክንድ እንኳ በጭንቅ ነው የበቃው! ቁልቁል አየች። ጎማዎቹ ወደ ጎን ሆዳቸው ተገፍቶ መሬቱ ላይ ተኝተዋል። ያን ጊዜ ገባት። ሸራው አልጠበበም፤ ጭነቱ ነው ያደገው።

"አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጭነህ ሚዛኑን እንዴት ነው የምታልፈው?" አለችው ሹፌሩን፣ እዚያው መሰላሉ ላይ ሆና።

ሹፌሩ ሳቀ። "እማማ ደግሞ! ይህንንስ ልጅዎን ነው መጠየቅ" አላት።

መሰላሉን አቅፋ ጥቂት ቆየች፤ እንዴት እንደወረደች አታውቅም።

ሚዛን ጣቢያው ስትደርስ ልጇ ምሳ ሊበላ ከክፍሉ ወጥቶ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበር፣ ዳቦው እጁ ላይ እንዳለ። ሲያያት ገና ከፊቷ ላይ አነበበው። አልካደም።

"መጀመሪያ አንድ መኪና አሳልፍልኝ ነው ያለኝ" አለ። "ጎማ ፈንድቶበት ዘግይቷል፣ ዕቃው ይበላሽብኛል፣ ለዛሬ ብቻ አለኝ። እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው እማዬ? ያለኝ የሌለኝ እጁ ላይ ነው። ከዚያ ሁለት ሆነ። አሁን የእሱ መኪና ሲመጣ ቁጥሩን ማየት ትቻለሁ።"

"ድልድዩስ?"

"ድልድዩን ተይው። መኪናው ወርዶ ድልድዩን አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነው የምቆየው። በቀን ስንቴ እንደምሞት አታውቂም።" ከዚያ አለቀሰ፤ ከልጅነቱ ወዲህ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም።

ልጁን እዚህ ያመጣው ሚኒባሱ አይደለም፣ ጓደኛውም አይደለም። እሷ ናት። ለሰው አፍ ስትል አንዱን ግባ ያለችው እሷው ናት። ይህንን ለማንም አላለችም፤ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም።

በሳምንቱ ውስጥ የስፌት መኪናውን ሸጠች። ያልተቆረጠውን ጥቅል ሸራ ሸጠች። ሱቁን ለሌላ ሰፊ ለቀቀች፣ የልቀቅ ገንዘብም ተቀበለች። ሁሉንም በጨርቅ ቋጥራ ወደ አይቸኩሌ ቢሮ ሄደች። ቢሮው መኪኖቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ፣ ሌላ ምንም የለም።

"ቁጭ በይ" አላት። እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ነበር የሚላት።

አልተቀመጠችም። ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ገንዘብዎ ይኸው። ልጄን ይልቀቁልኝ።"

"ልጅሽን እኔ መች ያዝኩት?" ሻዩን አማሰለ። "እኔ ዘንድ ገንዘብ ሞልቷል። ሚዛን ላይ የተቀመጠ የቤተሰብ ሰው ግን ከየት ይመጣል? ያን ለማግኘት ስንት ዓመት ጠበቅሁ መሰለሽ።"

"ለመንግሥት እናገራለሁ!"

"ተናገሪ። ሲመጡ የሚጠይቁት ብረቱን ያነሳው ማን ነው ብለው ነው። የእኔ ሹፌር ሂድ ሲሉት ሄደ፤ ምን አጠፋ? ጭነቱን የሚሸፍነውን ሸራ የሰፋችውስ ማን ናት?" ተነሥቶ ቋጠሮውን እጇ ላይ መለሰላት። በሩ ላይ ያለው ደረጃ እንዳያደናቅፋት ክርኗን ደገፍ አድርጎ ሸኛት። "ተረጋጊ እስቲ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

ዳግመኛ ሦስቱ ተቀመጡ፤ በዚህ ጊዜ በልጇ ቤት ነው፤ የእሷ ክፍል ከሱቁ ጋር ሄዷልና። ልጁ "ልጥፋ" አለ። "የማያውቁኝ ከተማ ሄጄ የቀን ሥራ እሠራለሁ።"

"ብትጠፋ በቦታህ ሌላ ሰው ያጠምዳል፤ ድልድዩም ያው ነው" አለች ሚስቱ። "አንተም ዕድሜህን ሙሉ ስትሸሽ ትኖራለህ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ማንም ሳይደርስብህ ራስህ ተናገር።"

"እታሰራለሁ እኮ!"

"ትታሰራለህ። እኔ እጠብቅሃለሁ። እስር ማለቂያ አለው፤ ይሄኛው ግን የለውም።"

ሸራ ሰፊዋ "ይቺ ልጅ ከመጀመሪያውም ልክ ነበረች" አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ከአፏ ማውጣት ለእሷ ጥርስ ከመነቀል አይተናነስም። "ተናገር ልጄ። እኔ ስንቅ አመላልስልሃለሁ። የፈለጉትን ይበሉ።"

ልጁ እንዲያ ስትል ሰምቶ ትከሻው ረገብ አለ። ለብዙ ጊዜ ያልበላውን ያህል በላ።

ነገሩን እንዲህ ወሰኑ። ሰኞ ጠዋት የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪዎች ጣቢያውን ለማየት ይመጣሉ። ልጁ የአይቸኩሌን መኪና ከነጭነቱ ሚዛኑ ላይ አቁሞ ይይዘዋል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ሲደርሱ በዓይናቸው ያያሉ፣ እሱም ቃሉን ይሰጣል። እናቱ አጠገቡ ትሆናለች። ምራቷና ሕፃኑ ግን ከዚያ በፊት በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ እናቷ አገር ይሄዳሉ፤ ሰውዬው ሲያውቅ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

"አንድ ነገር ብቻ" አለች ሸራ ሰፊዋ፣ ምራቷ ሻንጣውን ስትዘጋ። "በዋናው መንገድ እንዳትሄጂ። ሻንጣ ይዘሽ፣ ልጅ አዝለሽ ሲያዩሽ ከባሏ ተጣልታ ወጣች ይላሉ። በጀርባ በመጋዘኖቹ በኩል ሂጂ፤ እዚያ ሰው የለም።"

ምራቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ግን አማቷ ልክ ነሽ ያለቻት ገና ዛሬ ነው፤ ለዚህች ለዚህች አልጨቃጨቅም ብላ ይሆናል፣ "እሺ እማማ" አለች።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያው በመኪና ተሞልቶ ነበር። ሸራ ሰፊዋ ከመስታወቱ ክፍል ውጭ በሩ አጠገብ ቆማለች። ተቆጣጣሪዎቹ ከከተማ ተነሥተዋል ተብሎ ተደውሏል። ብዙም ሳይቆይ የአይቸኩሌ መኪና እያቃሰተ መጥቶ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ የራሷን ስፌት ከሩቅ አወቀችው። ልጇ ቁጥሩን አየ። ብረቱን አላነሳም።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ "ምነው?" አለ። "አራግፍ" አለው ልጁ፤ ድምፁ ቀጭን ቢሆንም ቃሉ ቃል ነበር። ሸራ ሰፊዋ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈታ ተሰማት፤ በልጇ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም። ሹፌሩ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ይጮሃሉ።

ትንሽ ቆይቶ የእሷ ስልክ ጠራ። ምራቷ ናት። አውቶቡስ ላይ ወጣች ብላ በደስታ አነሣችው።

"እንደምን አደርሽ" አለ የወንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። "ከዛትሽብኝ ወዲህ ቤታችሁን የሚያይልኝ ሰው አለ፤ ምራትሽን በመጋዘኖቹ በኩል ስትሄድ አገኘኋት። በዚያ በኩል እኮ ሰው የለም፤ ብቻዋን ሻንጣ እየጎተተች አሳዘነችኝ፣ አሳፈርኳት። ሕፃኑ ጭኔ ላይ ነው። ሹፌሬ ወዴት ላድርሳቸው ይለኛል። ምን ልበለው?"

"ምራቴን አገናኘኝ" አለች።

"እማማ!" አለች ምራቷ፣ ከሩቅ ይመስል። "እንዳይከፍተው! ይንገሩት፣ እንዳይ—" ቃሏ ተቋረጠ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

"ደንግጣ ነው" አለ አይቸኩሌ። "እኔ አልቸኩልም፣ ታውቂኛለሽ። አስቢበት። አንድ መኪናዬ ሚዛኑ ላይ ቆሟል ብለው ነገሩኝ። ልጅሽ ዛሬ ምነው፣ አመመው?"

ሸራ ሰፊዋ ቀና አለች። ልጇ በመስታወቱ ውስጥ እያያት ነው። ምንም አልሰማም፤ ጠንካራ ለመሆን እየሞከረ ጭራሽ ፈገግ አለላት። ከመንገዱ ማዶ፣ ከከተማው በኩል፣ የመሥሪያ ቤቱ ነጭ መኪና በአቧራው ውስጥ ሲመጣ ይታያል። ጥቂት ብትታገሥ ይደርሳል። ሕፃኑ ስልኩ ውስጥ ያለቅሳል።

መስታወቱን በመዳፏ መታችው። "ክፈትለት!" አለች።

"እማዬ?"

"ክፈትለት አልኩህ! ልጅህ እጁ ላይ ነው!"

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። እጁ ግን ለምዷል፤ ብረቱ ተነሣ፣ መኪናው ሚዛኑን ለቅቆ ወደ ቁልቁለቱ ገባ። ሹፌሩ ሲያልፍ እጁን አንሥቶ አመሰገናት።

ተቆጣጣሪዎቹ ሲደርሱ ሚዛኑ ላይ የቆመው ሌላ፣ ልኩን የጫነ መኪና ነበር። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ውሃ ጠጡ፤ አለቃቸው "ችግር አለ?" ብሎ ልጁን ጠየቀው። ልጁ ወደ እናቱ አየ። እናቱ መሬት መሬቱን ታያለች። "የለም" አለ። ፈርመው ሄዱ።

ነጩ መኪና ከዓይን ሲጠፋ የአይቸኩሌ የቤት መኪና መጥቶ ቆመ። ምራቷ ሕፃኑን አቅፋ ወረደች። ምንም አልሆኑም፤ ሕፃኑ ብስኩት እየበላ ነው። ምራቷ ባዶውን ሚዛን አየች፣ ቀጥሎ አማቷን።

"አሳለፋችሁት" አለች።

"ምን ላድርግ ልጄ? ንገሪኝ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

ምራቷ ሕፃኑን ይዛ ከግድግዳው ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ልጁ ከክፍሉ ሊወጣ በሩን ከፈተ፤ ግን ሌላ ከባድ መኪና ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ጥሩምባ ነፋ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

አይቸኩሌ የመኪናውን መስታወት አወረደ። ሻንጣውን አውጥቶ ለሸራ ሰፊዋ በእጇ ሰጣት።

"አውቶቡሱ አመለጣት መሰለኝ" አላት። "ይሁን፣ ክሊኒኩም ለእግር ሩቅ ነው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሹፌሬ ቤታችሁ እየመጣ ያደርሳታል። ሕፃኑንም ጭምር። አትቸገሩ።"

የተሰለፉት ሹፌሮች በየመስኮታቸው ብቅ ብለው ያያሉ። ግማሾቹ ደንበኞቿ የነበሩ ናቸው። ሸራ ሰፊዋ ሻንጣውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው።